ያላለቀ ጌም ከደሴ ሲጠበቅ

ደሴ ውስጥ ጌም የሚወድ ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሲልክሶንግን እንዴት ገዛኸው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ያን ሁሉ ዓመት እንዴት አስቻለህ?» ይላል። ለእያንዳንዱ ሰው በየካፌው ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ያላለቀ ጌም የምትጠብቁ ካላችሁ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ፣ ሌላውን እለፉት።

ሲልክሶንግ ምን ዓይነት ጌም እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ዓመተ ምሕረቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አውስትራሊያ ውስጥ አደሌድ በምትባል ከተማ ቲም ቼሪ የሚባል ቡድን አለ። ቡድን ሲባል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ። ዋናዎቹ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2007 ኪክስታርተር በሚባል የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ወጥተው ከሕዝብ ገንዘብ ጠየቁ። የፈለጉት 35 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ነበር፤ ከ57 ሺህ በላይ አገኙ። በዚያ ገንዘብ ተነስተው ሆሎው ናይትን ሠሩ፤ የካቲት 2009 ወጣ። ምስማር እንደ ጎራዴ የያዘ ትንሽዬ ተዋጊ በፈረሰ የነፍሳት መንግሥት ውስጥ ይዞራል። ሥዕሉ ሁሉ በእጅ የተሳለ ነው። በኋላ በሚሊዮኖች ተሸጠ።

ኪክስታርተሩ ላይ አንድ ቃል ገብተው ነበር። ገንዘቡ ከታሰበው ካለፈ፣ ሆርኔት በምትባለዋ ገጸ ባሕርይ የምንጫወትበት ተጨማሪ ክፍል እንሠራለን አሉ። ያ ተጨማሪ ክፍል እየሰፋ ሄዶ ሄዶ ራሱን የቻለ ጌም ወጣው። የካቲት 7 ቀን 2011 ስሙ ሲልክሶንግ ነው ብለው አሳወቁ። የወጣው ነሐሴ 29 ቀን 2017 ነው። ስድስት ዓመት ተኩል መሆኑ ነው።

እናቴ ይህን ስነግራት ያለችውን አልረሳውም። «በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጅ ብትወልድልኝ እኮ ትምህርት ቤት ገብቶልኝ ነበር።»

ሆሎው ናይትን ያገኘሁት እንደ ብዙዎቻችሁ በፍላሽ ነው። እኛ ከተማ ጌም ሲባል ፊፋ ነው። ፕሌስቴሽን ቤት ገብታችሁ ሌላ ነገር ብትጠይቁ ልጁ ቀና ብሎ ያያችኋል እንጂ አይመልስላችሁም። ፒያሳ አካባቢ ፊልምና ዘፈን የሚጭን አንድ ቤት ግን የኮምፒዩተር ጌሞችን ዝርዝር በወረቀት አትሞ፣ በላስቲክ ሸፍኖ ግድግዳው ላይ ለጥፎት ነበር። ቁጥሩን ትነግሩታላችሁ፣ ይጭንላችኋል። የሚያስከፍለው በጊጋ ነው። በጊጋ ስለሚያስከፍል እኔ ሁሌ ዓይኔ የሚሄደው ትንንሾቹ ላይ ነበር። የሆሎው ናይት ስም ሁለት ፊደል ተሳስቶ ነው የተጻፈው። ትንሽ ነበር፣ ርካሽ ነበር፣ ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሰው አላናግርም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ ኦሪጅናሉን ገዛልኝ። እነዚያ ሰዎች ከኔ ገንዘብ ሊያገኙ ይገባል ብዬ ነው እንጂ ጌሙንማ ጨርሼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ ሆኖ እንዲህ ያለ ጌም የሚጠብቅ ሰው ሦስት ነገር ነው የሚጠብቀው። ሠሪዎቹ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ዶላሩ እስኪገኝ ይጠብቃል። ኔቱ እስኪፈቅድ ይጠብቃል። ዓለም ሁሉ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። የፈረንጁ ልጅ ጌሙ የወጣ ዕለት ካርዱን ይመታል፣ ያወርዳል፣ አለቀ። እኛ ካልተዘጋጀን ጌሙ ወጥቶም መጠበቃችን ይቀጥላል። ስለዚህ ሠሪዎቹን ተዉአቸው፤ እነሱ የሚዘገዩበትን ጊዜ ሌሎቹን ሁለቱን ለማስተካከል ተጠቀሙበት። የኔ ሐሳብ ይኸው ነው።

ተዉአቸው ስል ወሬያቸውንም ጭምር ነው። በ2014 ሰኔ በኤክስቦክስ (የማይክሮሶፍት የጌም ማሽን) ዝግጅት ላይ ሲልክሶንግ ታየ። እዚህ ያያችኋቸው ጌሞች በሚቀጥሉት 12 ወራት ይወጣሉ ተባለ። ዓመቱ ሊሞላ ሲል ግንቦት 2015 ላይ አጭር መልእክት ወጣ። ጌሙ ስላደገ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገዋል የሚል። ከዚያ ጸጥ።

ጸጥታ ሲበዛ ወሬ ይገባበታል። በ2016 የአውስትራሊያ የፊልምና የጌም ደረጃ መዳቢዎች ለሲልክሶንግ ደረጃ ሰጡት ሲባል በቃ ደረሰ ተባለ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። በ2017 ጥር ደግሞ ከሠሪዎቹ አንዱ የትዊተር ፎቶውን በኬክ ፎቶ ቀየረ። ወይ ጉድ! ሰው ሁሉ ኬኩን ያዘ። የኬኩ አሠራር የወጣበትን ድረ ገጽ ፈልገው አገኙ፣ ቀኑን አዩ፣ ይህ ቀን ምልክት ነው አሉ። ኬኩ ኬክ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም።

እኔን ከዚህ ወሬ የገላገለኝ ፈልጌው የመጣ ነገር አይደለም። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለብዙ ወራት አልተመለሰም። ዋይፋይ ያለበት ሕንፃ በር ላይ ስልኩን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ሰው ታያላችሁ። ውጭ ላለ ልጁ ድምፅ የሚልክ አለ። ከዓረብ አገር ብር ተልኮለት መድረሱን የሚያጣራ አለ። እዚያ መሀል ቆሞ ስለ ጌም ወሬ መፈለግ ነውር ሆነብኝ፤ ተውኩት። ኔቱ ሲመለስ ያለፈኝን ሁሉ ለማንበብ ቁጭ አልኩ። ያለፈኝ የሰው ግምት፣ በግምት ላይ ደግሞ ስድብ ነበር። ጌሙ እንደተውኩት ቦታው ላይ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ወሬ መከታተል አቆምኩ። ስቲም የሚባለው የኮምፒዩተር ጌም መሸጫ ላይ የምትጠብቁትን ጌም ዊሽሊስት (የምፈልጋቸው ዝርዝር) ውስጥ አስገብታችሁ ተዉት። የወጣ ዕለት ራሱ ኢሜይል ይልክላችኋል።

ከዚያ በፊት በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እንደ ብዙው ሰው ወጥተን ነበር። እሱን እዚህ አላወራም። ለጌም ተጫዋች የሚጠቅመውን ብቻ ልንገራችሁ። ላፕቶፑን ትቼ ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ በኪሴ ይዤ ነው የወጣሁት። የቤተሰብ ፎቶ ነበረበት። ሆሎው ናይት የደረስኩበትም ነበረበት። የሁለቱም ጌሞች ሴቭ የሚቀመጠው ዊንዶውስ ላይ አፕዳታ ውስጥ፣ ሎካልሎው ውስጥ፣ ቲም ቼሪ በሚል ፎልደር ነው። ትንሽዬ ፋይል ናት። በፍላሽ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጧት። ስቲም በክላውድ፣ ማለት ኢንተርኔት ላይ፣ ያስቀምጣል፤ ክላውዱ ግን ኔት ይፈልጋል።

ታዲያ ጌሙ በእውነት እየተሠራ ነው ወይስ ሞቷል፣ በምን ይታወቃል? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዝምታን እንደ ምልክት አልወስድም። ለበዓል የሚደርስ ልብስ የሰጣችሁት ልብስ ሰፊ አለ አይደል፣ በሄዳችሁ ቁጥር «ነገ ና» የሚል? እሱ ነው የሚያስፈራኝ፣ ዝም ብሎ የሚሰፋው አይደለም። የቲም ቼሪዎቹ አሪ ጊብሰንና ዊልያም ፔለን ጌሙ ሊወጣ ሲል በሰጡት ቃለ ምልልስ የተናገሩት ይህንኑ ነው። ሥራው ተቋርጦ አያውቅም፤ እየወደድነው ስንሠራ ነበር አሉ። አዲስ ነገር ያልተናገርነው ከ«እየሠራን ነው» ሌላ የምንለው ስላልነበረ ነው አሉ። የመጀመሪያው ጌም ገንዘብ ስላስገኘላቸው የሚያጣድፋቸው አልነበረም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገንዘብ ያለው ትንሽ ቡድን ሲዘገይ እየጨመረ ነው። ገንዘብ የሌለው ሲዘገይ ግን እየጎደለበት ሊሆን ይችላል።

እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ብር ተቀብለዋል ወይ? ሲልክሶንግ ላይ ቅድመ ክፍያ የሚባል ነገር አልነበረም። የወጣ ዕለት ነው መሸጥ የጀመረው። ስለዚህ ለስድስት ዓመት ቢዘገይም ከኔ ኪስ የወሰደው አምስት ሳንቲም የለም። ስታር ሲትዝን የሚባለውን ጌም ተመልከቱ። በ2005 ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመረ። እስካሁን ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ሙሉው ጌም ዛሬም አልወጣም። የገባበት ሰው ቢበሳጭ አይፈረድበትም። በኛ ዶላር እጥረት ደግሞ ላላለቀ ነገር አስቀድሞ መክፈልን ለማንም አልመክርም። ሳያልቅ የሚሸጥ ጌም፣ ኧርሊ አክሰስ የሚሉት፣ ካማራችሁ የስቲሙን ገጽ ቁልቁል እዩት። ሠሪዎቹ ከዓመት በላይ ካልነኩት ስቲም ራሱ ማስጠንቀቂያ ይጽፍበታል። ዛሬ ያለውን ብቻ አይታችሁ ግዙ። «ወደፊት ይጨመራል» ለሚለው አትክፈሉ።

ሁለተኛው፣ ቀኑን የቆረጠው ማን ነው? አድናቂ የቆረጠው ቀን ቀን አይደለም። በ2017 መጋቢት ኔንቴንዶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ አዲሱን የጌም ማሽኑን፣ ስዊችን፣ ሲያስተዋውቅ ሲልክሶንግ በፈረንጆቹ 2025 ይወጣል ተባለ። ከዚያ ቀጥሎ ሜልበርን ያለው አክሚ የሚባል ሙዚየም ከመስከረም 8 ጀምሮ ጎብኚ ጌሙን እዚህ መጫወት ይችላል አለ። ያኔ ነው እኔ ያመንኩት። ሙዚየም ትኬት ይሸጣል፣ አዳራሽ ያዘጋጃል፣ በኬክ ፎቶ ቀን አይቆርጥም። ዶላር መፈለግም የጀመርኩት የዚያን ጊዜ ነው።

ዶላሩ ላይ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ለምን እንደሚዘገዩ የገባኝ ከማንም ቃለ ምልልስ አይደለም። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እያለሁ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ዩኒቲ በሚባል የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ጌም ጀምረን ነበር። ሆሎው ናይትም የተሠራው በዩኒቲ ነው፤ የሚያመሳስለን እሱ ብቻ ነው። የኛው ጌም ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ ሚኒባስ ነው። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ላይ ጉም፣ ታች ሙቀት፣ መሀል ላይ መታጠፊያ በመታጠፊያ። በአንድ ሴሚስተር ይጠናቀቃል ብለን ነበር።

ሚኒባሱን መንዳት በሳምንት ተሠራ። በጣም ደስ አለን። ከዚያ ረዳቱን ጨመርን፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ!» የሚል። ድምፁን የቀዳነው በስልክ፣ ከእውነተኛ ረዳት ነው፤ የሻይ ሰጥተነዋል። ረዳቱ ሲጨመር በሩ መከፈትና መዘጋት አለበት። በሩ ሲከፈት ተሳፋሪ መውረድ አለበት። ተሳፋሪው ሲወርድ አስፋልቱን ሰንጥቆ ወደ ታች ይገባል። እሱን ስናስተካክል ሚኒባሱ መሬት ሳይነካ መሄድ ጀመረ። ሚኒባሱን ስናወርድ ፍሬኑ አልይዝ አለ። ጓደኛዬ ጉሙን በጣም አሳምሮ ሠራው፤ ጉሙ ግን የኔን አሮጌ ላፕቶፕ ቀጥ አደረገው። ጉሙን ብናሳንሰው መንገዱ ገና ያልሳልነው ቦታ ድረስ ይታያል። ስለዚህ ያን መሳል አለብን። እንዲህ እንዲህ እያለ አለፈ። እሱ ተመርቆ አዲስ አበባ ገባ፣ እኔ ኮምፒዩተር ጥገና ላይ ነኝ። አሁንም ፒያሳ ላይ የድሮ ክላስሜቶቼ ሲያገኙኝ «ሚኒባሱ ኮምቦልቻ ገባ?» ይሉኛል። «መታጠፊያው ላይ ነው» እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ጌም ሠሪ ዘገየ ሲባል አልሳደብም። ስታርዲው ቫሊን ኤሪክ ባሮን የሚባል ሰው ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ለፍቶበታል። ኮዱም የሱ፣ ሥዕሉም የሱ፣ ሙዚቃውም የሱ። ካፕሄድን የሠሩት ወንድማማቾች ቤታቸውን አስይዘው ተበድረው ነው የጨረሱት። ኦልቦይ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። እነዚህ ሁሉ አልቀው ወጥተዋል። ሳይወጣ የቀረውን ግን ማንም አይቆጥረውም፤ የኛ ሚኒባስም እዚያ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ሲልክሶንግ ሲታወጅ አንድ ዶላር በባንክ 28 ብር ገደማ ነበር። ሲወጣ ወደ 140 ብር ደርሷል። በመሀል ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ተለቋል። ጌሙ 20 ዶላር ነው። በታወጀበት ጊዜ ምንዛሪ 560 ብር ይሆን የነበረው በወጣበት ጊዜ 2,800 ብር ሆነ። አዘጋጆቹ አንድ ሳንቲም አልጨመሩም፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ ከዚህ በላይ ነበር የጠበቀው። የተወደደብን በኛ በኩል ነው። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ትርፍ ብር ካለና ጌሙ እንደሚወጣ እርግጠኛ ከሆናችሁ፣ ብሩን በብርነቱ አታስቀምጡት። ቀድማችሁ የስቲም ካርድ (ኮዱን ስታስገቡ ስቲም ላይ ገንዘብ የሚሆንላችሁ) አድርጉት። ካርዱ የጌሙ ቅድመ ክፍያ አይደለም። ጌሙ ቢቀር ሌላ ጌም ትገዙበታላችሁ።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። ስቲም በቴሌብር አይቀበልም። የውጭ ክፍያ የሚፈቅድ የባንክ ካርድ ያለው ሰው ካላችሁ ጥሩ፣ ለሌሎቻችን ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ውጭ ያለ ዘመድ ነው። ዘመድ ሲልክላችሁ ጌሙን በስጦታ አይላክ፤ ካርድ ገዝቶ ኮዱን ይላክላችሁ። በአገርና አገር መካከል የዋጋ ልዩነት ካለ ስቲም ስጦታውን ሊከለክል ይችላል። ካርዱን ሲገዛም የዶላር መሆኑን ያረጋግጥ። የ20 ዶላሩ ካርድ ልክክ ብሎ ይበቃል፤ ጌሙ 19.99 ነውና አንድ ሳንቲም ይተርፋችኋል።

ሌላው በቴሌግራም ካርድ የሚሸጡ ልጆች ናቸው። ዋጋቸው ከባንክ ምንዛሪ ይበልጣል፤ የሚያተርፉበት እሱ ነው፣ ምንም አይደል። ብሩን በቴሌብር ወይም በባንክ ትልካላችሁ፣ ኮዱን ይልኩላችኋል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ጎረቤቴ ልጅ ብሩን ላከ፣ «አብሽር ወንድሜ፣ አሁን እልክልሃለሁ» ተባለ፣ ከዚያ አካውንቱ ጠፋ። ቅር ያለኝ ደግሞ ሻጩ ከመቶ በላይ «አመሰግናለሁ» የሚል ስክሪንሾት ለጥፎ ነበር። ስክሪንሾት ማንም ይሠራል። እኔ የማደርገው፣ መጀመሪያ የ5 ዶላር ካርድ እገዛለሁ። ኮዱ ሲመጣ እዚያው በዚያው አስገባዋለሁ። ከገባ በሌላ ቀን ቀሪውን እገዛለሁ። የገዛሁትን ኮድ ሳላስገባ አላሳድርም። «አካውንትህንና ፓስወርድህን ስጠኝ፣ እኔ እገዛልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በትህትና አመስግናችሁ ውጡ። «ዛሬ ብቻ በግማሽ ዋጋ» የሚለውንም እንዲሁ።

ቀኑ የተነገረው ነሐሴ 15 ነው። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የሰጡን፣ ከስድስት ዓመት በኋላ። ሌሎች ትንንሽ ጌም ሠሪዎች ሲልክሶንግ ይውጠናል ብለው የራሳቸውን ቀን ገፉ። እኔ ካርዴን አስገብቼ ስለነበር ሥራዬን እየሠራሁ ጠበቅኩ።

ሐሙስ ነበር፣ የመውሊድ ሰሞን። በኛ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት። ውጭ ዝናብ። ስቲምን ከፈትኩ፣ ግዛ አልኩ፣ ገጹ ቀጥ አለ። ኔቱ መስሎኝ ስልኬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ኔቱ አልነበረም። ዓለም ሁሉ አንዴ ገብቶ ስቲም ራሱ ወድቋል። የኔንቴንዶና የፕሌስቴሽን መደብርም እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። አንዴ እንኳን አሜሪካ ያለው ልጅና ደሴ ያለው ልጅ እኩል «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ጽሑፍ ላይ ተፋጠጥን። ማታ ላይ ተከፈተ፣ ገዛሁ፣ ማውረዱን ለሌሊት ተውኩት። በመጀመሪያው ቀን ስቲም ላይ ብቻ በአንድ ጊዜ ከ500 ሺህ ሰው በላይ ሲጫወት ነበር።

ስለማውረድ የማውቀውን ልንገራችሁ። መብራት ቢሄድ፣ ኔት ቢቆረጥ አትደንግጡ፤ ስቲም ካቆመበት ይቀጥላል። የሌሊት ፓኬጅ ከቀኑ ርካሽ ነው፣ ሌሊት ደግሞ መስመሩም አይጨናነቅም። ጓደኛችሁ ቀድሞ አውርዶት ከሆነ ግን ጭራሽ አታውርዱ። እናንተም ጌሙን በራሳችሁ አካውንት ግዙት። ከዚያ ከሱ ኮምፒዩተር ስቲምአፕስ ውስጥ፣ ኮመን ውስጥ ያለውን የጌሙን ፎልደር በሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርጋችሁ እናንተም ጋ እዚያው ቦታ ላይ አስቀምጡት። አሁን ኢንስቶል በሉት። ስቲም ፋይሎቹን አይቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። እኔ ኮምቦልቻ ላሉ ጓደኞቼ ይህን ያደረግሁት በሚኒባስ ፍላሽ ልኬ ነው። ሐረጎን የወረደው ሲልክሶንግ ከቴሌ መስመር ቀድሞ ነው የደረሰው። አንዴ ከተጫነ በኋላ በኔት አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ኦፍላይን ሞድ አድርጉት፤ ከዚያ ያለ ኔት ይሠራል።

ጌሙን ሞክራችሁ ካልወደዳችሁት ብሩ አይባክንም። ከገዛችሁ 14 ቀን ካልሞላና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ስቲም ይመልሳል። የሚመለሰውን ስቲም ላይ ወዳለው ሂሳባችሁ፣ ወደ ዋሌቱ፣ አድርጉት። ሁለት ሰዓት ግን ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ በተለይ እዚህ ጌም ላይ።

ምክንያቱም ከባድ ነው። በጣም ከባድ ነው። ገና ከጅምሩ ብዙ ጠላት አንዴ ሲመታችሁ ሁለት ነፍስ ይወስዳል። ከወጣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በተለቀቀ ማሻሻያ መጀመሪያ አካባቢ ያሉ ሁለት ቦሶችን (ትልልቅ ጠላቶችን) ትንሽ አቅልለዋቸዋል። ለኔ ቀሎ አልታየኝም። ለመጠበቁ ይመጥናል ወይ ብትሉኝ ግን፣ ወላሂ ይመጥናል። ሆርኔት ስትሮጥና ስትዘል አያያዟ ብቻ የስድስት ዓመቱ ሥራ የት እንደሄደ ያሳያል። ከተማዋ ውስጥ ያሉት ደወሎች፣ የእግር ድምፁ፣ ከኋላ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ። የተቸኮለ ነገር አላየሁበትም። የምተቸው አንድ ነገር፣ ከሞታችሁ በኋላ ወደ ቦሱ የምትመለሱበት መንገድ አንዳንድ ቦታ ያለ ምክንያት ረዝሟል።

ሆሎው ናይትን ያልተጫወተ ሰው በቀጥታ ሲልክሶንግን መጀመር ይችላል። እኔ ግን ካርዳችሁ ላይ የሚቀር ካለ የመጀመሪያውን አስቀድሙ እላለሁ። ርካሽ ነው፣ ቀለል ይላል፣ እጃችሁንም ያለማምዳል። ላፕቶፕን በተመለከተ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። 4 ጊጋ ራም፣ 8 ጊጋ ባዶ ቦታ፣ የድሮ ኮር አይ ስሪም ይበቃዋል። ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል ይላሉ። የኔ ላፕቶፕ የለውም፤ ሬዞሉሽኑን ዝቅ አድርጌ ነው የምጫወተው፣ ሰው የበዛበት ቦታ ላይ ትንሽ ይንቀራፈፋል።

ጆስቲክ የግድ ነው ወይ ለምትሉ፣ በኪቦርድም ይቻላል። በጆስቲክ ግን ይሻላል። ፕሌስቴሽን ቤቶች ሲያድሱ አሮጌዎቹን በርካሽ ይሸጣሉ። ስትገዙ እዚያው ሰኩትና ሞክሩት። ሳትነኩት ገጸ ባሕርይው ወደ አንድ ወገን የሚሄድ ከሆነ መልሱለት። ለፊፋ ያስኬዳል፣ ለሲልክሶንግ አይሆንም።